ሁለት እጆቼ መሪው ላይ

ውድ ወንድሜ ታላይ፣

በስልክ ስናወራ አፌ እንደሚታሰር ታውቃለህ። "ደህና ነን" እልና ዝም እላለሁ፤ አንተ ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ ይመስልሃል። ስለዚህ ልጻፍልህ። አባባ እንዳልነግርህ አስጠንቅቀውኝ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። ዓይናቸው እየደከመ ነው።

ከእማማ ቀብር ወዲህ ነው የጀመራቸው። መጀመሪያ ግራ ዓይናቸው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ነገር ታየ፣ ቀጥሎ ቀኙ ላይ። እሳቸው ግን ማለዳ ማለዳ የመንደሩን ወተት በአሮጌዋ ላዳ ጭነው ወደ ኮችኮር ከተማ መውረዳቸውን አልተዉም። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ለካ የመንገዱን ዳር ዛፎች እየቆጠሩ ነው። ከአርባኛው ዛፍ በኋላ መንገዱ ይታጠፋል።

"ዛፍ ቢቆረጥስ?" አልኳቸው።

"ማን ደፍሮ!" ብለው ሳቁ።

ቁልፉን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። "መንጃ ፈቃድ አምጪና ውሰጂ። ያለ ፈቃድ ካስነዳሁሽ እናትሽ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኛለች" አሉኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ በዚያው ሳምንት ነበር።

መንዳት ያስተማሩኝ ሽማግሌው ሱዩን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተራራው ላይ የጭነት መኪና የነዱት። "ፍሬን ስትይዢ ኋላ ወንበር ላይ የተኛ ሕፃን አለ ብለሽ አስቢ" ይሉኛል። "ስፖኪዮ እይ ያልኩሽ የኋላውን መኪና እንጂ ጉንጭሽን አይደለም!" ብለው ሲጮሁ በኀፍረት እቀላለሁ። በመጸው መንጋው ከተራራ ሲወርድ ጥሩንባ እንዳልነፋ ከለከሉኝ። "ቁሚ። በግ እንደ ውሃ ነው፣ መንገዱን ራሱ ያገኛል።" ሞተሩን አጠፋሁ። በጎቹ በግራም በቀኝም ፈሰሱ፣ መስኮቱ ሁሉ ሱፍና ትንፋሽ ሆነ። መኪናዋ የተንሳፈፈች መሰለኝ። ሌላው ዓለም ከመንጋው ወዲያ ቀረ፤ እኔም ለትንሽ ጊዜ ማንንም አልፈራሁም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገርህ።

ከአርባኛው ዛፍ በኋላ ያለው መታጠፊያ የመቃብሩ መታጠፊያ ነው። እማማ እዚያ ናቸው። አንተ ከሩሲያ ሳትደርስ ስለተቀበሩ ቦታውን አታውቀውም፤ ከመቃብሮቹ የጭቃ ጉልላቶች በስተግራ፣ ሣሩ ገና ያልሸፈነው። እዚያ ሲደርስ ሁሉም ሰው መዳፉን ዘርግቶ ፊቱን ይዳብስና "አሚን" ይላል፤ ሹፌሩም ሳይቀር። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ አደርገዋለሁ። አንዱ ያንተ ነው።

የፈተናዬ ቀን ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ፍሬቻ አሳየሁ፣ ማርሽ ሳላንኳኳ ቀየርኩ። ፈታኟ ጠንካራ ሴት ናቸው፣ ቃል አልተነፈሱም። ጉልላቶቹ ብቅ ሲሉ ግን እጆቼ ሳያማክሩኝ መሪውን ለቀቁ። ፊቴን ዳበስኩ። ደግሜ ስለ አንተ። መኪናዋ ነጩን መስመር ተሻገረች፤ ከፊት ለፊታችን ድርቆሽ የጫነ መኪና እየመጣ ነበር። ፈታኟ መሪውን ቀምተው ወደ ዳር አወጡን።

"ለሙታኑ ስትጸልዪ እኛንም ከእነሱ ልትቀላቅዪን ነበር!" አሉ። ተንፈስ ብለው "ማን አለሽ እዚያ?" ሲሉኝ፣

"እናቴ" አልኩ።

"የእኔም እናት እዚያ ናት። ግን አየሽ፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ።" መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ዳበሱና "ወድቀሻል" ብለው ጻፉ።

"እጄ አልሰማኝ አለ" ብዬ ለሱዩን አለቀስኩ። "እንግዲህ እግርሽን እኔ አስተምሬዋለሁ፤ እጅሽን አንቺ አስተምሪው" አሉኝ። ሁለተኛውን ፈተና ስጠብቅ አባባ አንድ ቀን የላዳዋ ጎን ተጨምድዶ መጡ። "ዛፉ ነካኝ" አሉ፣ ዛፉ ተራምዶ የመጣባቸው ይመስል። እኔ አልሳቅሁም። እንቅልፍም አጣሁ።

በሁለተኛው የፈተና ቀን ጉልላቶቹ ሲታዩ ጣቶቼ እንደ ወፍ ሊነሱ ቃጡ። መሪውን ጨበጥኩባቸው። "እማማ፣ አባባ በዚህ መንገድ ብቻቸውን እንዳይነዱ ነው" አልኩ በልቤ። መታጠፊያውን አለፍኩ። ያንተንም አላደረግኩልህም፣ ታላይ። ከዳሁህ መሰለኝ፤ እያነባሁ ነው የነዳሁት። ፈታኟ መሐረብ ሰጡኝ፣ መጀመሪያ ግን መኪናዋን ዳር አስያዙኝ። አለፍኩ።

አባባ ፈቃዱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ምን ያህሉ እንደታያቸው አላውቅም። ቁልፉን መዳፌ ላይ አኑረው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ዛፍ አልቆጠሩም። መታጠፊያው ጋ "ደረስን" ስላቸው ሁለቱን እጆቻቸውን ከፍ አደረጉ።

"አንቺ መሪውን ያዢ" አሉኝ፤ "እኔ ለሦስታችንም አደርጋለሁ።"

ሦስት ጊዜ ፊታቸውን ዳበሱ።

ወንድሜ፣ ዓይናቸውን የሚያክም ሐኪም ፈልግላቸው፤ ስለነገርኩህ ቢቆጡኝም ግድ የለም። ደግሞ ና። ከጣቢያው እቀበልሃለሁ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ያንተን አንተ ታደርጋለህ።

ታናሽ እህትህ
ቡሩል