እማዬ ሕመሟን ስለ ደበቀችህ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ውሃ ይወርድልሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆችህስ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደህና አይደለሁም፤ ታምሜአለሁ እንዳልልህም እጄም እግሬም ይሠራል። ተናድጄ ነው ያለሁት። ንዴቴ ሲበርድልኝ እጽፍልሃለሁ ብዬ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብጠብቅ አልበርድ ስላለኝ እንደጋለ ልላክልህ ብዬ ወረቀት አነሳሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ስትደውል ጮህክብኝ። እናቴን ቀማሽኝ፣ ሳልሰናበታት አፈር አለበስሻት አልክ። ይህን ቻልኩት፤ ሐዘን ነው አልኩ። አንተ ግን አላበቃህም። ለማይረቡ ሰካራሞች ዕድሜዋን ጨርሳ ለእኛ ምን ተረፈን አልክና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ሰካራሞች! ይህ ቃል ካንተ አፍ ይውጣ? እንግዲያው የረሳኸውን ላስታውስህ፤ ያላወቅኸውንም ልንገርህ። ይህን ደግሞ እንደ ስልኩ አትዝጋው፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት እማዬ ሐኪም ቤት አንሶላ አጣቢ ነበረች። አንተ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር። ከአናጺው ሱቅ ጀርባ ቦይ ውስጥ ሰክረህ፣ አንድ እግር ጫማህን ጥለህ ተገኘህ። እኔና እሷ ነን አናጺው በሰጠን ጣውላ ላይ አጋድመን ቤት ያደረስንህ። በማግስቱ ወደ መጠጥ ሱሰኞች ማገገሚያው ወሰደችህ። የቤቱ ኃላፊ ቤተሰብ እስከ አንድ ወር ድረስ ማየት አይችልም ስትላት፣ እማዬ በሩ ላይ ቆም ብላ አሰበችና፣ ልብስ አጣቢ ትፈልጋላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እንፈልጋለን አሏት። የሐኪም ቤቱን ሥራ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሠራችበትን፣ በዚያው ቀን ተወችው።

ከሠላሳ አንሶላ መሃል ያንተን ለይታ ታውቀው ነበር። ሲያንቀጠቅጥህ ጥግ ጥጉን ትነክሰው ነበርና። ማታ ቤት ገብታ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ፣ “ዛሬ ሦስት ቦታ ብቻ ነው የነከሰው” ትለኝ ነበር፣ እንደ ምሥራች። አንድ ቀን ደግሞ ምንም ያልተነካ አንሶላ አገኘችና ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ካንተ የሚለያት የማስጫው ገመድ ብቻ ነበር። ደንብ ነው ስላሏት አንዴም ስምህን አልጠራችም። ይህን ነግራህ ታውቃለች? አልነገረችህም። እኔንም እንዳልነግርህ አስምላኛለች። እንግዲህ መሐላዬን አፈረስኩ።

አንተ ከአራት ወር በኋላ ወጣህ፣ ሥራ ያዝክ፣ አገር ለቀህ ሄድክ። እሷ ቀረች። ከማጠቢያው ቤት አዲስ ገቢዎች ወደሚተኙበት ክፍል ያስገባት ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም፤ ብቻ አንድ ቀን አንዱ ልሂድ ብሎ በር ሲደበድብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባችና፣ “ቁጭ በል፣ እኔም ቁጭ እላለሁ” አለችው። ሰውየው ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ በግቢው ሁሉ ስሟ “እማማ ቁጭ በል” ሆኖ ቀረ። ያለ ሥልጠና ወረቀት አይቻልም ሲሏት በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ተማሪ ሆነች። እኔ ደብተሯን ጮክ ብዬ ሳነብላት፣ እሷ እየተኮሰች በቃሏ ትይዛለች። የመጀመሪያውን ፈተና ስትወድቅ ከፈታኙ ጋር ተጣልታ መጣች፤ የሰካራም ላብ እንዴት እንደሚሸት ሳይጠይቁኝ ምኑን ፈተኑኝ እያለች። በሁለተኛው አለፈች።

ታክሲ ነጂውን ታውቀዋለህ፣ ያ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ አብሮህ የገባው። አንተ ከሄድክ በኋላ አራት ጊዜ ወጥቶ አራት ጊዜ ተመልሷል። አንድም ቀን ለምን ተመለስክ ብላ አልጠየቀችውም። አንሶላ ትቀይርለትና “ያው አልጋህ ነው” ትለዋለች። አሁን ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጠብታ ሳይቀምስ።

መልአክ ነበረች እያልኩህ እንዳይመስልህ። በሰርጌ ዕለት ሙሽራ ተቀምጣ እናቷን ስትጠብቅ፣ እናት ሆዬ ሰው አስታውኮባት፣ ቀሚሷ እንደራሰ፣ እንግዳው ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ ደረሰች። ስወልድ ሐኪም ቤት የመጣችው በሁለተኛው ቀን ነው። እኔ ስለማልጠጣ እናት አጣሁ ብያት አውቃለሁ፣ ፊት ለፊት። ሰሃኗን ማጠብ ቀጠለች። በሳምንቱ ማክሰኞ ግን መጥታ ልጄን ከእቅፌ ተቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞን ለማንም አልሰጠችም። ስለዚህ ለእኛ ምን ተረፈን ብሎ መጠየቅ ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ የምጠይቀው። ለአንተማ ያ ሁሉ ቤት ነው የተረፈህ! እዚያ ቤት የገባችው በማን ምክንያት ሆነና?

ወደ ሕመሟ ልምጣ። ሐኪሙ በጨጓራዋ ያለው እብጠት ከሚቆረጥበት ጊዜ አልፏል ያለን የዛሬ ሰባት ወር ነው። ከሐኪም ቤት ወጥተን ገና ደረጃውን ሳንጨርስ ክንዴን ያዘችና “ለእሱ እንዳትነግሪ” አለችኝ። ተጣላን። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየን ተጣላን። ልጅሽን አታምኚውም ወይ አልኳት። “እሱን አምነዋለሁ፤ ሐዘንን ነው የማላምነው። ከስንት ዓመት በኋላ ስንቱን መልሶ እንዳመጣብኝ እኔ ነኝ የማውቀው” አለች። ታዲያ በኋላ ሲሰማ አይሰድብሽም ወይ ብላት፣ “መቃብሬ ላይ ሰክሮ ከሚያለቅስልኝ፣ ርቆ ሳይሰክር ቢሰድበኝ ይሻለኛል” አለችኝ።

እሑድ እሑድ ስትደውል የነበረውን እንግዲህ ስማ። አንተ ከመደወልህ ግማሽ ሰዓት በፊት ቀና አድርጊኝ ትለኛለች። ጉሮሮዋ እንዲጠራ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች። ስልኩን የምይዝላት እኔ ነኝ፣ እጇ አይችልምና። ትስቃለች፣ ልጆችህን አንድ በአንድ ትጠይቃለች፣ አንተም “ዛሬ ድምፅሽ ደስ ይላል” ትላታለህ። ስልኩ ሲዘጋ ትራሱ ላይ ትወድቃለች፣ እስከ ማግስቱም ቃል አይወጣትም። ያን ሁሉ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ቀማሽኝ አልክ? እኔን ማን ምን እንደቀማኝ ታውቃለህ? በመጨረሻዎቹ ወራት የነበራትን ጥቂት ትንፋሽ ለአንተ ስታጠራቅም እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

የቀብሯ ዕለት የመቃብሩ ግቢ ለሰዉ አልበቃም። ታክሲ ነጂው ጓደኞቹን ሰብስቦ ሰው ሲያመላልስ ዋለ። ድሮ በሽቶ ጠርሙስ አረቄ ይዛ ክፍል ትገባ የነበረችው አስተማሪም መጣች። ከሁሉ ወዲያ አጥሩ ጥግ አንድ ጎልማሳ ቆሞ ነበር፤ ከሩቅ ይሸታል፣ ይወዛወዛል። አጎታችን ሊያባርረው ሲሄድ አስተማሪዋ ቀደመችውና ክንዱን ይዛ መሃላችን አቆመችው። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሳይጠጣ ቆይቶ ነበር አሉ፤ የጠጣው ሞቷን በሰማበት ቀን ነው። ቆሞ አለቀሰ፣ ከቀብር ወጥቶ በታክሲ ነጂው መኪና በቀጥታ ወደ ማገገሚያው ተወሰደ።

ያን ጊዜ እማዬ የፈራችውን ነገር በዓይኔ አየሁት። መሳሳቷንም ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ያ ሰውዬ ሐዘኑን ሰው መሃል ቆሞ ነው ያለቀሰው፤ የሚይዘው ክንድ ነበረው። አንተን ግን እንዳትወድቅ ብለን ደብቀን ደብቀን፣ መርዶውን ብቻህን፣ በባዕድ ቤት፣ በስልክ እንድትሰማው አደረግንህ። በዚህ ልትቆጣ ይገባሃል፤ በእሷም በእኔም። በዚህ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። በሌላው ግን አልልህም።

አሁን ከጀመርኩ ጀምሮ በዙሪያው የምሽከረከረውን ልጠይቅህ። ያን ቀን ስትደውል ምላስህ ከብዶ ነበር። ሐዘን ነው አልኩ፣ መስመሩ ነው አልኩ። እኔ ግን ያንን ድምፅ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አባታችንም ሲገባ እንደዚያው ነበር። ጠጥተሃል ወይ? ጠጥተህ ከሆነ እኔ እንደ እማዬ አይደለሁም፤ እጠይቃለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ስድብም አይጠፋኝም። ግን ጮኼም ቢሆን ስልኩን አልዘጋውም። አንተም አትዝጋው። ብቻህን አትቀመጥ፤ እዚያም እንደ እማዬ ዓይነት ሰዎች አይጠፉም፣ ሄደህ በራቸውን አንኳኳ። ካልጠጣህ ደግሞ በደልሽኝ በለኝ፣ ይህንንም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ በደስታ!

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ድሮ ምን እንደነበርክ እስካሁን ካልነገርካት ዛሬ ይህን ወረቀት ስጣት፣ እኔ ነግሬልሃለሁ። ለትልቋ ልጅህ የላከችውን ሥዕል አያቷ ግድግዳዋ ላይ አስለጥፋው እንደነበር ንገርልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ለባለቤትህ እናትም ጤና ይስጥልኝ በላቸው። ከዚህ አጎታችን ተቆጥቶም ቢሆን ሰላም ብሎሃል፤ ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ልጄም አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች።

የዚህን መልስ በጽሑፍ አልፈልግም፤ ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው። እሑድን ሳትጠብቅ ደውል፣ ድምፅህን ልስማው።

የእናትህ ልጅ፣ ታላቅ እህትህ

ከእማዬ ቤት
ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን