ለአድሚኑ ሽማግሌ ላክን

ሰኞ

መልሴን አጠፋው። ጠዋት የጻፍኩትን፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ ያረምኩትን፣ ከሰዓት ብከፍተው የለም። በቦታው አንድ መስመር ብቻ፦ «ይህ መልስ ሳይሆን ምክር ነው፤ ምንጭም አልተጠቀሰበትም።» ምንጩማ እኔ ነኝ! ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ብወጣ ምንጭ የሌላት ሴት ሆኜ አረፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሜሮን «እማ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ከምትነጫነጪ» ብላ ስልኬ ላይ ያሳየችኝ አንድ ድረ ገጽ አለ። አማርኛ የሚማሩ የውጭ ሰዎች ይጠይቃሉ፤ የምናውቅ እንመልሳለን፤ እኔ እዚያ «ቲቸር» ነኝ። ወድጄዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከቲቪው ይሻለኛል። ችግሩ አድሚኑ ነው። ስሙን አያወጣም፣ ፎቶው ድመት ነው፣ እኔም ድመቱ እለዋለሁ። የማይቧጭረው ነገር የለም። «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ስጀምር ሰላምታዬን ቆርጦ ይጥላል። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለኝን ሰው ምስጋና ይሰርዛል። ሰላም ሳይባባሉ ወሬ የት አገር ነው ያለው?

የዛሬው ጥያቄ ግን የዋዛ አልነበረም። ጠያቂው ራሱን «ናይሮቢ» ብሎ ይጠራል፤ ኬንያዊ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። መሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ ወጣት፣ አባት የሌለው ልጅ፣ «ከሽማግሌዎቼ አንዱ ሁንልኝ» ብሎ ለምኖታል። እሁድ የልጅቷ ቤት ሊሄዱ ነው። በአማርኛ ምን ብዬ ልናገር? ይላል። እስከዚህ ደህና። ከታች ግን እንዲህ የሚል ጨመረበት፦ «በእኛ ሰፈር ሽማግሌ የሚሄደው ሊደራደር ነው። እምቢ ካሉ ኪሴ ውስጥ ፖስታ አለ፣ እጨምራለሁ።»

ጭንቅላቴን ያዝኩ። አባትየው «ተማክረን እንነግራችኋለን» ሲሉ ይሄ ሰውዬ ብር ሊመዝ! ልጃችንን ሊገዛ መጣ ማለታቸው አይቀርም። የዚያ ወጣት ነገር በዚያው አበቃ።

ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ዘጋው። ምክንያቶቹን ደርድሯል፦ ብዙ ጥያቄ በአንድ ላይ ነው፤ የትርጉም ልመና ነው፤ የባህል ነገር ነው እንጂ የቋንቋ አይደለም። ባህሉን ከቋንቋው የት ጋ ነው የሚቆርጠው? ሥጋ ቤት ነው እንዴ?

መልስ መጻፍ ስለማይቻል ከጥያቄው ሥር ባለችው ትንሽ የአስተያየት ቦታ «ወንድሜ፣ ፖስታውን ቤት ተወው!» ብዬ ወረወርኩ። ምሳ በልቼ ስመለስ የለም። «አስተያየት መስጫው ለመልስ አይደለም።»

ናይሮቢ አይቶት ይሆን? አላውቅም። ስልክ መለዋወጥ ክልክል፣ አድራሻ መጠየቅ ክልክል፣ በግል መጻፍ የሚቻለው ለድመቱ ብቻ። ለእሱማ ጻፍኩለት፤ ምን እንዳልኩት እዚህ አልደግመውም። በዚህ መሃል ሽሮዬ አረረ።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ስለ ሰርግ ምርቃት የጻፍኩትን የቆየ መልስ አንዲት ተማሪ «ለእናቴም አነበብኩላት» ብላበታለች። ድመቱ ሳይደርስበት ሦስቴ አነበብኩት።

ረቡዕ

ብልሃት አመጣሁ ብዬ ነበር። ራሴ ልጠይቅ፣ ራሴ ልመልስ። «ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ ሰው ምን ይላል?» ብዬ አዲስ ጥያቄ ከፈትኩ። ሻይ እንኳ ሳልጨርስ ዘጋው። «ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቋል፤ እዚያ ይመልከቱ።» እዚያ ስሄድ ያው ራሱ የዘጋው የናይሮቢ ጥያቄ። እዚያም ዝግ፣ እዚህም ዝግ። ከሥሩ ማስጠንቀቂያ፦ አንዴ ቢደገም ለአንድ ሳምንት እታገዳለሁ። ለአንድ ሳምንት! እሁድ መሃሉ ላይ ነው።

ሜሮን ካዛንቺስ ካለው ቢሮዋ እስክትመጣ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ጠበቅኋት።

«እማ፣ በቃ ተይው። ማለቴ፣ ሰውየውን እኮ አታውቂውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አላውቀውም። ወጣቱንም አላውቀውም። «ግን የአባትሽ ነገር ትዝ አለኝ» አልኳት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባቱ ቀድመውት ስለሞቱ እኔን ሲያስጠይቅ የላከው የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ነበር። ሰውየው በር ላይ ቆመው ላባቸውን ሲጠርጉ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። እኚያ ሰው አንዲት ክፉ ቃል ቢያመልጣቸው ኖሮ እኔና እሱ በየፊናችን ቀርተን ነበር። ሜሮን ይህን ስትሰማ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ «ታዲያ ለጋሽ ንጉሴ ለምን አትነግሪያቸውም?» አለች። የኔ ልጅ አንዳንዴ ትባረካለች።

ሐሙስ

ከምኖርበት ከቡልጋሪያ ሰፈር በታክሲ ካዛንቺስ ወጣሁ። ጋሽ ንጉሴ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ቤታቸው ፈርሶ ከከተማ ዳር ቢገቡም በየጠዋቱ ታክሲ ተሳፍረው እዚሁ ካዛንቺስ አንዲት ካፌ ይመጣሉ። ማኪያቶው አዲሱ ሰፈር አይጥምም ይላሉ። አብረዋቸው ሐጂ ከድር ነበሩ፤ እዚያው ቅርብ፣ ባምቢስ አካባቢ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አላቸው፣ ሱቁን ለልጃቸው ትተው ጠዋት ጠዋት ይጫወታሉ።

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሐጂ ፖስታው ጋ ስደርስ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «እኔ አባትየውን ብሆን ከነፖስታው ነው የማስወጣው!»

ጋሽ ንጉሴ አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ራቅ አድርገው አነበቡ። «ይሄን አድሚን ተሳድበሻል?»

«ትንሽ።»

«ይኸውልሽ እንግዲህ። ሰው ቤት በር ላይ ቆመሽ ባለቤቱን እየሰደብሽ ነው እንዴ የምትለምኚው? ሽማግሌ ላኪበት።»

«ማንን ልላክ?»

«እኛ ምን ሆንንና!»

ሐጂ «ሦስተኛውስ?» አሉ። «እኔ» አልኳቸው። «ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» ቢሉኝ «ዛሬ አዩ» አልኳቸው። ተሳሳቁና ተቀበሉኝ።

እኔ እየጻፍኩ እነሱ ነገሩኝ። መጀመሪያ ሰላምታ። ቀጥሎ ስለሚጠብቀው ቤት ምስጋና። ቀጥሎ ለማክሰኞው አፌ ይቅርታ። ጉዳዩ መጨረሻ ላይ። እኔ የሰረዘብኝን ሁሉ ልዘረዝርበት ስል ሐጂ እጄን ያዙ፤ «ጥፋቱን አትቁጠሪበት፤ የተቆጠረበት ሰው በሩን ነው የሚዘጋው።» የሦስታችንንም ስም ጻፍንና ላክን። ማኪያቶውን ጋሽ ንጉሴ ከፈሉ፤ አልከራከርኳቸውም።

ዓርብ

እምቢ አለ። «ስለ ትሕትናችሁ አመሰግናለሁ። ደንቡ ግን ለሁሉም አንድ ነው።» በቃ። ይህን ያህል ተለማምጠን!

ፊቴን አጥቁሬ ካፌው ስደርስ ጋሽ ንጉሴ ደስ ብሏቸው ቁጭ። «መለሰልን?» «እምቢ አለ እኮ ጋሼ!» «መልሷላ። የመጀመሪያው እምቢታ የቤቱ ክብር ነው። ደግሞ አመሰግናለሁ ብሏል። ይሄ ሰው አሳዳጊ አለው።»

ሁለተኛውን ደብዳቤ አሳጠርነው። ክርክር የለበትም፣ ደንቡን ተው አይልም። ጥያቄ ብቻ፦ «ጥያቄው እንዴት ቢጻፍ ደንቡን ያከብርልዎታል?»

ከሰዓት ዝም። እስኪመሽ ዝም። ስልኬን ስነካካ ሜሮን ነጥቃኝ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ያ ሰውዬ ፖስታውን ይዞ ይነሳል። ደግ ሰው መሆኑ ነው የባሰ የሚያሳዝነኝ።

ቅዳሜ

መለሰ! ያውም ረጅም። ድመቱ ሰው ነው ለካ። እሱም አማርኛ ተማሪ ነው፤ ይህን ሥራ ከሥራው ሲወጣ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው። በየቀኑ «ይህን ቃል በአማርኛ ጻፉልኝ፣ ክንዴ ላይ ልነቀሰው ነው» የሚሉ ሰዎች ያጥለቀልቁታል። አንዱ ከዚያው ገጽ የተሳሳተ መልስ ወስዶ ጀርባው ላይ በትልቁ ተነቅሶት ኖሮ ለቅሶውን ይዞ መጣ። ምንጭ፣ ምንጭ ማለት ያበዛሁት ከዚያ ወዲህ ነው ይላል። ልቤ ራራለት። በልጁ ጀርባ ግን መሳቄን አልደብቅም፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ።

ውሳኔው፦ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን። ሽማግሌዎች ገብተው ምን ይላሉ፣ የሚሰጣቸውስ መልስ ምን ማለት ነው? ከዚህ አይለፍ። ስለ ምንጩ ደግሞ፦ «ሦስታችሁ በየስማችሁ ከመሰከራችሁበት እቀበለዋለሁ።» ይህን ለጋሽ ንጉሴ በስልክ ሳነብላቸው «አላልኩሽም!» ብለው ጮኹ። ሁለቱንም የሐጂ ልጅ ገጹ ላይ መዘገባቸው። ሐጂ የመረጡት ፎቶ የሱቃቸው በር ነው።

የናይሮቢን ጥያቄ አረምኩ፣ ድመቱ ከፈተው፣ መልሱን ጻፍኩ። ያለ ሰላምታ። እጄን እየበላኝ። እንዲህ አልኩ፦ ተቀመጡ ሲሏችሁ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በሉ። በዕድሜ የሚበልጠው ይናገራል፣ «ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል» ይላል። አንተ ተራህ ሲደርስ «እኔም ስለ ልጁ እመሰክራለሁ» በል፣ ይበቃሃል። «ተማክረን እንነግራችኋለን» ካሉህ እምቢ ማለታቸው አይደለም፤ ልጃቸው ከቤት የተረፈች እንዳልሆነች መናገራቸው ነው። ያኔ አመስግነህ ዝም በል፤ ዝም አይነቅዝም። ገንዘብ የሚባል ነገር አታንሳ። በኪስህ ያለው በኪስህ ይቅር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሥሩ መሰከሩ። ናይሮቢ ግን ድምፁ የለም። ከሰኞ ወዲህ ገጹን የከፈተ አይመስልም። ጥያቄውን ሲዘጉበት ተቀይሞ ሄዶስ ቢሆን?

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ታክሲ መያዣው ጋ ሱፍ የለበሱ ሦስት ሰዎች አየሁ። አንዱ በእጁ ፖስታ የያዘ መስሎኝ ፈጠን ፈጠን አልኩ። ቀረብ ስል የታጠፈ ጋዜጣ ነው።

ድመቱ ሳልጠይቀው ጻፈልኝ፦ «የሰማችሁት ነገር አለ?» የለም አልኩት። እሱም እንደ እኔ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

ሰኞ

ጻፈ! ናይሮቢ ጻፈ! ቁርሴን ትቼ ተቀመጥኩ።

መልሴን ያነበበው እሁድ ጠዋት፣ ክራቫቱን እያሰረ ነው። ሄዱ፣ ቆሙ፣ ትልቁ ሽማግሌ ተናገሩ። እሱም አንዷን ዓረፍተ ነገር አለ። ሲናገር የልጅቷ እናት ቀና ብለው አዩት። ከዚያ አባትየው «ዘመድ አማክረን እንነግራችኋለን፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አሉ። «እጄ እስከ ኮት ኪሴ ደርሶ ነበር» ይላል ናይሮቢ። «ፖስታውን ይዤው ነው የሄድኩት፣ ልማድ ሆኖብኝ። እዚያው ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚህ ከብዶኝ ዝም ብዬ አላውቅም።»

አነበብኩና እንባዬ መጣ። ምን እንዳስለቀሰኝ እንጃ፣ ብቻ አለቀስኩ። ለጋሽ ንጉሴ ደወልኩ፤ ሐጂ አጠገባቸው ሆነው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ተሰማኝ።

መጨረሻ ላይ ናይሮቢ አንድ ነገር ጠይቋል። ሲወጡ አባትየው ራሳቸው ተነስተው፣ ግቢውን አልፈው፣ መኪናው ድረስ ሸኝተዋቸዋል። የመኪናውን በር የዘጉለትም እሳቸው ናቸው። «ይህ ጥሩ ምልክት ነው ወይስ ለማንም የሚደረግ ነው?»

ልመልስ ጣቴን ሳነሳ ድመቱ ቀደመኝ። ከሥሩ እንዲህ ጽፏል፦ «ይህ አዲስ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው መጠየቅ አለበት።»

ልናደድ ስል ሌላ መስመር ጨመረ፦

«ከመሰረዜ በፊት ግን ቲቸር ትመልስ፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»