የአባ የጁምዓ ሽቶ

አባዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ያብራልህ። ከተለየኸን አራት ወር ከአስራ ሦስት ቀን ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ኡሚ አዝዛኝ ነው፤ መልእክቷን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። ጠባይህን ስለማውቀው ዘለህ ወደ ታች እንዳትወርድ!

ቤቱ ደህና ነው። ጀማል በረንዳውን ቀለም ቀብቶታል፤ ልጅህ ቀለም ሲቀባ ግማሹን ለራሱ እንደሚቀባ ታውቃለህ። የጎረቤት ፍየሎች አሁንም በሩን ክፍት ካገኙ ገብተው ምንጣፉ ላይ ይተኛሉ። የተበላሸው የአንተ የፎጣ ማሞቂያ ብቻ ነበር።

አቦ፣ ስትሠራው እንዴት ተሳቀብህ! በድሬ ሙቀት ፎጣ የሚያሞቅ ሰው! ሰፈሩ ሁሉ «ሰውየው ፀሐዩ አልበቃው አለ» ብሎ ተሳለቀ። አንተ ግን ከባቡር ወርክሾፑ ጡረታ በወጣህ በወሩ፣ የተጣለ ቱቦ ቆራርጠህ፣ በይደህ እንደ መሰላል አደረግከውና መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልከው። ጣሪያ ላይ ያለውን በርሜል ጥቁር ቀባኸው። ፀሐይ ያፈላችው ውኃ ወደ ቧንቧው ሲወርድ መጀመሪያ በመሰላሉ ውስጥ ያልፋል። መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳዩ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለኡሚ እጆች ነበር። ቁርጥማቱ ጣቶቿን አጣጥፎ ሲይዛት ትኩሱን ፎጣ ትጠቀልልባቸዋለች፤ ቀስ ብለው ይዘረጋሉ፤ ዉዱእ አድርጋ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ትቆማለች። ሐኪም የሰጣት ኪኒን ያላስታገሰውን አንተ በቱቦ አስታገስከው። ወላሂ፣ እንዳንተ ያለ ባለሙያ አላየሁም። ልጅህ ስለሆንኩም አይደለም።

ለለቅሶህ ከሐርላም ከሁርሶም ሰው መጣ። ግቢው አልበቃ ብሎ መንገድ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ያ ሁሉ ሰው ዉዱእ ያደረገው በእኛው ውኃ ነውና በርሜሉ ጠብታ ሳይቀርበት ተራቆተ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማሞቂያው ቀዘቀዘ። ኡሚ በመዳፏ ዳበሰችውና «ጌታው ሲሄድ እሱም ሄደ» አለች። ጣቶቿ ተመልሰው ታጠፉ። ሻሿን እንኳ እኔ አስርላት ጀመር።

ጀማል ጨንቆት ቧንቧ ሠራተኛ አመጣ። ሰውየው በመፍቻው ኳ ኳ አደረገና «የድሬ ውኃ ነው፣ ኖራ ደፍኖታል፤ ተቆርጦ ይውጣ» ብሎ ፈረደበት። ማክሰኞ መጥቶ ሊቆርጠው ተቀጣጠሩ። ኡሚ አልተቃወመችም፤ የእጇን ፎጣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ከሰዓት ልሰናበተው ብዬ ገባሁ፤ አትሳቅብኝ። እጄን ከታች ወደ ላይ አሳለፍኩበት። የታችኛው አግዳሚ ሞቋል። ከሦስተኛው በላይ ያለው ግን እንደ ሬሳ ቀዝቃዛ ነው። ያኔ ስንት ጊዜ የነገርከኝ መጣልኝ፤ ከታች ከቀዘቀዘ ቆሻሻ ተኝቶበታል፣ ከላይ ከቀዘቀዘ አየር ታስሮበታል። አንተ ስትናገር እኔ «እሺ አባ» እያልኩ ስልኬን ስነካካ ነበር። ጆሮዬ ግን ለካ ይሰማ ነበር። ኖራ አይደለም፤ በርሜሉ ሲራቆት አየር ገብቶ ነው።

አየሩ በየት ይወጣል? ወንበር ላይ ወጥቼ ፈለግሁ። ከላይ ጥጉ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ብሎን አገኘሁ። መስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ካቻቢቴ ተቀምጣለች። ብሎኑን ትንሽ ባላላው «ፍስስስ» አለ።

አባዬ፣ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ ከመሄድህ በፊት በሩን ዘግተህ ስትቆይ ይሰማን ነበር። ሽቶ ይረጫል ብለን ስንት አማንህ! ኡሚ ከሳሎን «ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» ትልሃለች፤ አንተ ፈገግ ብለህ ታልፋለህ። ስትሞት ጠረንህን ላስቀምጥ ብዬ ያን ሽቶ ሳጥን ገልብጬ ፈለግሁት። ሳጣው ከለቀስተኛው አንዱ ወስዶታል ብዬ ሰው ጠረጠርኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ለካ ሽቶ የሚባል ነገር አልነበረህም። በየሳምንቱ ውኃ ሄዶ ሲመጣ የሚገባውን አየር ነበር የምታስወጣው። ኡሚ አንድ ቀን ይበላሽብኛል ብላ እንዳትሰጋ፣ «ይህ ዕቃ አይታመምም» እያልክ ሐሜቱን ችለህ ኖርክ።

አየሩ ገና ሲወጣ ከሳሎን ድምፅ ሰማሁ።

«ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?»

ከአፏ አምልጧት ነው። ከዚያ እግሯን እየጎተተች መጣችና በር ላይ ቆመች። እኔ ወንበር ላይ፣ ካቻቢቴህ በእጄ፣ ውኃው ፊቴ ላይ እየተረጨ። ብሎኑን አጥብቄ ወረድኩና ቧንቧውን ከፈትኩ። እስኪሞቅ ድረስ ሁለታችንም እጃችንን አግዳሚው ላይ አድርገን ጠበቅን። የላይኛው አግዳሚ ሲሞቅ ግንባሯን አስደግፋበት አለቀሰች፤ ከሞትክ ወዲህ ያን ያህል አልቅሳ አታውቅም። ቧንቧ ሠራተኛውን እንዳይመጣ ነገርነው።

መልእክቷ ይኸውልህ፤ እንዳለችው ነው የምጽፈው። «አስራ አንድ ዓመት በባዶ ሜዳ አማሁት። አውፍ ይበለኝ። ለማን እንደነበር አሁን ገብቶኛል በይው።»

እኔም ቃሌን ልስጥህ። በሕይወት እስካለሁ ጁምዓ ጁምዓ ያቺን ብሎን እከፍታታለሁ። ኡሚ ከሳሎን ስትጠይቀኝ እንዳንተው ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

ዛሬ ሻሿን ራሷ አሰረች። ትንሽ ጠመም ብሏል። አላስተካከልኩትም።

ልጅህ ሰሚራ