ማንም ባልኖረበት መሬት ላይ ከምትኖር ሴት

ለተከበሩ የኢስት ሜዶው ልማት ቦርድ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ከኦሮራ በስተምሥራቅ ያቆሟቸው አዳዲስ ቤቶችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በእርስዎ ካርታ ላይ ባልገኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ በአማርኛ ስለጻፍኩልዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በእንግሊዝኛ ደጋግሜ ጽፌ ነበር፤ የመለሰልኝ ግን መልእክቴ መድረሱን የሚያበስር ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ታዲያ ቦርድዎ በአማርኛ ያሳተመው ማስታወቂያ መኪናዬ መስታወት ላይ ተሰክቶ አገኘሁ። «ማንም ባልኖረበት ንጹሕ መሬት ላይ የመጀመሪያው ነዋሪ ይሁኑ» ይላል። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። አማርኛ እንደሚችሉ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ጊዜ በእንግሊዝኛ ባላደከምኩዎ ነበር።

ያ ማንም ያልኖረበት መሬት ኮርቢን ይባላል። እኔም የምኖረው እዚያው ነው። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለውን ሰፈር አልፈው ወደ ምሥራቅ ሲነዱ፣ ቤቱ አልቆ ስንዴው ሲጀምር የምትገኝ መንደር ናት፤ ያላት አንድ መንገድ፣ አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የእህል ጎተራና ጥቂት የእንጨት ቤቶች ናቸው። ሟቹ ባለቤቴ ምናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳ ነበርና አንድ ቀን መንገድ ስቶ ገባባት። ቤት ሲመጣ፣ «ሰው የማያውቀውን ሰው ሰላም የሚልበት ሰፈር አገኘሁ» አለኝ። በዓመቱ ኦሮራ የነበረንን አፓርታማ ለቀን ገባን። እሱ ብዙ አልቆየበትም፤ ልቡ በድንገት ቆመ። ቤቱ ለእኔ ቀረ።

ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት እማማ ሎሪን ናቸው። በተወለዱበት ቤት ያረጁ አሜሪካዊት ናቸው። የገባን ዕለት የጓሮአቸውን ቲማቲም በሳህን ይዘው መጡና፣ ደጃፋችን ላይ እንደቆሙ የመንደሯን ታሪክ ነገሩን። አያታቸው በባቡር መጥተው ስንዴ እንደዘሩ፣ የአቧራ አውሎ ነፋስ ፀሐይዋን የጋረደ ጊዜ እናታቸው እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ ይሰቅሉ እንደነበር፣ የመንደሩ እኩሌታ ያኔ እንደተሰደደ፣ በኋላም ልጅ ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ፣ ባቡሩም መቆሙን እንደተወ። ሲጨርሱ ምናሉን አዩትና፣ «ሰው ከዚህ ሲሄድ እያየሁ ነው የኖርኩት። ለመኖር ብሎ ሲመጣ ያየሁት እናንተን ነው» አሉ። ምናሉ ከሞተ በኋላ ቁርስ ብቻዬን እንድበላ አልፈቀዱልኝም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱን አድሰው የቤት መሸጫ ቢሮ ስላደረጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። እማማ ሎሪን የተማሩበትን ክፍል ለማየት ምርኩዛቸውን ይዘው ሄደው ነበር። በሩ ላይ የቆመው ወጣት በትሕትና፣ «ቀጠሮ አለዎት?» አላቸው። «ልጅ ሳለሁ ነበረኝ» ብለውት ተመለሱ። እሱም ትክክል ነው፤ በቀጠሮ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛ፣ ለታሪክ ስላለዎት ፍቅር። የመንደራችን ብቸኛ መንገድ ስኩል ስትሪት ይባላል። እርስዎ መታሰቢያ ይሁን ብለው ይህንኑ ስም ከአዲሶቹ ሰፈሮችዎ ለአንዱ መንገድ ሰጡት፤ የእኛን ደግሞ፣ ማንም ስለማይኖርበት፣ ከካርታ አስፋቁት። ስለ መታሰቢያው ሳላመሰግን አላልፍም።

በረዶ የጣለ ከሰዓት በኋላ እማማ ሎሪን ኩሽናቸው ውስጥ ወደቁ። የጠሩኝ መስኮቱን በምርኩዛቸው እየመቱ ነው። ስደርስ አንድ እግራቸው ተጣሞ ወለሉ ላይ ተኝተዋል። 911 ደወልኩና አድራሻውን ተናገርኩ። ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ፣ «አምቡላንሱ ደርሷል፣ በሩን ክፈቺላቸው» አለችኝ። ሮጬ ከፈትኩ። ከበረዶው በቀር ማንም የለም።

«እዚህ የመጣ የለም» አልኳት።

«ስኩል ስትሪት ላይ ናቸው። ቤቱ ገና ያልተሸጠ ባዶ ቤት ነው ይላሉ።»

እማማ ሎሪን ሰምተዋል። «እኔን የት ሄደው ነው የሚፈልጉኝ?» አሉኝ። ወጥቼ መሃል መንገዱ ላይ ቆምኩ፤ ነጠላዬን ከአንገቴ አውልቄ እያውለበለብኩ፣ መብራቱን ከሩቅ እስካይ ድረስ። ሲደርሱ ጨለማው ይዞን ነበር።

ተርፈዋል፤ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። አሁን ኦሮራ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ናቸው። ልጃቸው ቤቱን ለቦርድዎ ሸጠ፤ አልፈርድበትም። ስጠይቃቸው ስለ እግራቸው አያነሡም። «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ነው የሚሉኝ። «ሁሉም ደህና ነው» እላለሁ። ሁሉም ማለት እኔ ነኝ።

ልጄ ናዝራዊት፣ «ማሚ፣ ጀስት ሽጪውና እኛ ጋ ነይ። ኢትስ ኖት ኢቭን ኤ ፕሌስ» ትለኛለች፤ ቦታ እንኳ አይደለም ማለቷ ነው። ክፉ አስባ አይደለም። እኔም አንዳንድ ቀን ላምናት ይቃጣኛል። ጠዋት ከሌሊት ሥራዬ ስመለስ ነፋስና አውሮፕላን ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ የሚያልፍ መኪና ካየሁ እንደ ልማዴ እጄን ለሰላምታ አነሳለሁ፣ ነጂው ግን ስልኩን ያያል፤ ስልኩም እዚህ ሰው የለም ይለዋል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ የተወለድኩበትንም መንደር ከተማ በልቶታል። እዚያ የነበሩት ሹማምንት ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣ ስም ሰጥተውናል፤ «የልማት ተነሺ» ብለውናል። ተነሺ ለመባል መጀመሪያ መኖር ያስፈልጋል። እርስዎ ይህንንም ውጣ ውረድ አስቀሩልን።

ግንባታው ይቁም አልልም፤ ቤትዎን የሚገዙት የእኔው ወገኖች ናቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳድጉበት። የምለምነው የመንገዳችን ስም እንዲመለስና፣ ከማስታወቂያዎ ላይ «ማንም ባልኖረበት» የሚሉት ሁለት ቃላት እንዲወጡ ነው። ቀለምም ይቆጥብልዎታል።

ለቦርድዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም በስምዎ የሚጠራዎ ጎረቤት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ጤናዬ ወልደሚካኤል
ኮርቢን፣ ኮሎራዶ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለአዲሱ ሰፈርዎ ምረቃ በዓል ያቆሟቸውን ተንቀሳቃሽ መጸዳጃዎች ትናንት ነፋስ ጥሏቸዋል። የቸገረው እንግዳ ካለ ቤቴ ቅርብ ነው፣ ውኃውም ንጹሕ ነው። ሲያንኳኩ ግን ከውስጥ «ማን ነው?» የሚል ድምፅ ይሰማሉና፣ እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይንገሯቸው።