ለባለቤቴ ልደት ምስክር ለጠየቀው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የናቩሎአ ወደብ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፊጂ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው ማቀዝቀዣችሁም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የናሳሊ መንደሩ ኢላይትያ ናይቶኮ፣ ዕድሜዬን በጀልባ ሞተር ጥገና ያሳለፍኩ ጡረተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ቫሲቲ ግን ሞታለች። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ ፈርመውበታልና።

ውለታችሁን ከመዘርዘሬ በፊት ሟቿ ማን እንደነበረች እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ቫሲቲ የቤታችንን ወረቀት ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታኖር ነበር። የእያንዳንዳችንን ሰነድ በየራሳችን ጨርቅ ትጠቀልላለች፤ የልጃችንን የሊቲያን በሕፃንነት ቀሚሷ ቁራጭ፣ የእኔን በዱቄት ከረጢት። «አንተ ምን ብትታጠብ ዘይት ዘይት ትላለህ፤ ንጹሕ ጨርቅ አላባክንብህም» ትለኝ ነበር። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ፣ ሻጋታ እንዳይበላቸው ብላ፣ ወረቀቶቹን ደጅ ምንጣፍ ላይ ዘርግታ በየጥጋቸው ጠጠር እየጫነች ፀሐይ ታሞቃቸዋለች። ጎረቤታችን ማካሬታ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ፣ «ሰው ዓሣ ያደርቃል፣ አንቺ ወረቀት! ለእራት ልትጠብሽው ነው እንዴ?» ስትላት፣ «ሳቂ፣ ሳቂ! ማዕበል የመጣ ቀን ባልሽ ያንቺ መሆኑን በምን እንደምታስረጂ እናያለን» ብላ ትመልስላታለች።

ማዕበሉም አልቀረም፣ መጣ። ጣሪያችንን ወሰደ፣ ድስታችንንም ወሰደ። ቫሲቲ ቆርቆሮዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ሆዷ ላይ አስራ፣ በጎርፉ መሐል ቤተ ክርስቲያን ገባች። ውኃው ሲጎድል አንዲት ቅጠል ወረቀት አልረጠበችም ነበር።

ኋላ ልቧ ታመመ። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ከአቅማችን በላይ ነው አሉ። አውስትራሊያ፣ ብሪስበን ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከበች የምትኖረው ሊቲያ ሐኪም ፈልጋ፣ አልጋ አስይዛ፣ «አባዬ፣ እማዬን ብቻ ላክልኝ፤ ሌላው የኔ ጣጣ ነው» አለች። የጎደለን ፓስፖርት ብቻ ነበር፤ ፓስፖርቱ የሚፈልገው የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር። ስለዚህ እኔና ቫሲቲ እየተሳሳቅን ወደ እናንተ መጣን። ያደረጋችሁልንም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የባለቤቴ ስም በጋብቻ ወረቀታችን ላይ «ቫሲቲ»፣ በልደት ወረቀቷ ላይ «ቫሲታ» ተብሎ መጻፉን ስለደረሳችሁበት አመሰግናለሁ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስበላና ስተኛ ይህን ከባድ ጉዳይ ልብ አላልኩትም። በመስኮቱ የነበረችው ትሑት ጸሐፊ፣ «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ሁለት ሰው ነዎት» አለቻት። ቫሲቲም፣ «ሁለት ከሆንኩማ እሰየው! አንዷ ሄዳ ትታከም፣ አንዷ እዚህ ቀርታ ለኢላይ ካሳቫ ትቀቅልለት» አለች። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊዋም አብራ ሳቀችና፣ «እኔ አምንዎታለሁ እማማ፤ ፋይሉ ነው የማያምንዎት» አለቻት።

ሁለተኛ፣ ለእርማት ያስፈልጋል ብላችሁ ዋናውን ወረቀት ተቀብላችሁ ፎቅ ላይ ባለው ክፍላችሁ የላይኛው መደርደሪያ፣ ልክ ጣሪያችሁ በሚያፈስበት ሥር፣ ስላስቀመጣችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማዕበል ያልነካውን ወረቀት የእናንተ ጣሪያ አሟሟው። ቫሲቲ ይህን ስትሰማ፣ «አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ኖሮ» ብቻ ነው ያለችው።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ከጠፋ ስትወለድ የነበረ ምስክር ይቅረብ ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ታላቅ እኅቷ ኡናይሲ ከማዶ ደሴት በጀልባ፣ ማዕበል እያስመለሳት መጣች። በመስኮቱ በኩል፣ «የመጀመሪያ ለቅሶዋን የሰማሁት እኔ ነኝ። እትብቷ የተቀበረበት የኮኮናት ዛፍ ዛሬም ያፈራል፤ ኑና ላሳያችሁ» አለቻችሁ። በታላቅ ትሕትና ካዳመጣችኋት በኋላ የራሷን የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቃችኋት። ኡናይሲም ኖሯት አያውቅም። «ታዲያ እኔም አልተወለድኩም በሉኛ!» ብላ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ።

በምስክሩ ምትክ ቫሲቲ የቃለ መሐላ ወረቀት በአካል ቀርባ እንድትፈርም ወደ ፎቅ ትውጣ አላችሁ። ትንፋሿ ከደረጃው አጋማሽ አላለፈም። ወረቀቱን ወደ ታች አውርዱላት ብዬ ለመንኩ፤ ወረቀት ከክፍሉ እንዲወጣ ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩ። እኔና ደጅ ስትጠብቀን የነበረችው ኡናይሲ በወንበር ልንሸከማት ስንጎነበስ፣ ቫሲቲ እጄን ያዘችኝ። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። «ተወው ኢላይ፣ ይብቃ። ቤቴ ውሰደኝ። እዚህ ከሞትኩ እነዚህ ሰዎች የሞትኩበትን ቦታ እንኳ አሳስተው ነው የሚጽፉት» አለችና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ቤቷ ወሰድኳት። ጥቂት ሰነበተችና አንድ ጠዋት፣ ለሾርባዋ የታሮ ቅጠል ልቆርጥላት ጓሮ ወጥቼ ስመለስ፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች አልፋ አገኘኋት። ሊቲያ ለእናቷ ለሆስፒታል የገዛችውን አዲስ የሌሊት ልብስ ይዛ ለቀብር መጣች። «ልኩ ይሁን አይሁን ሳታየው» እያለች ስታለቅስ እናቴም ሚስቴም የሞተችብኝ መሰለኝ። ያንኑ ልብስ አልብሰን ቀበርናት። ልኳ ነበር።

ለሞት ምስክር ወረቀቷ ወደ እናንተ ስመለስ ደግሞ ያልጠበቅሁትን ቅልጥፍና አየሁ። ቡና እንኳ የሚፈላበት ጊዜ ሳይወስድ ጽፋችሁ፣ ማኅተም መታችሁ ሰጣችሁኝ። ስሟንም አንድ ፊደል ሳትስቱ «ቫሲቲ» ብላችሁ ጻፋችሁት። ስትወለድ ማን ነበር ብላችሁ ባሕር ያሻገራችሁን ሰዎች፣ ስትሞት ማን ነበር ብላችሁ አንድ ጥያቄ አልጠየቃችሁም። በእናንተ ዘንድ ለካ ሰው ለመኖሩ ማስረጃ ይፈለግበታል እንጂ ለመሞቱ ቃሉ ይበቃል። ለዚህ እምነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባለቤትህ ሁለት ሰው ናት ብላችሁኝ ነበር። እኔ የቀበርኩት አንዲቷን ነው። ሌላዋ እናንተ ዘንድ ካለች እባካችሁ ላኩልኝ፤ ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

ክቡር ሆይ፣ የሞት ወረቀቷን በወሰድኩበት ቀን በሰልፉ ላይ ከኋላዬ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ እሷም ስሟ በሁለት ዓይነት ተጽፎባት። እባክዎ እሷን ፎቅ አያስወጧት። ወረቀቱን ይዞ ወደ እሷ የሚወርድ ሰው ከመሥሪያ ቤትዎ አይጠፋም።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለማኅተምዎ አለመድረቅ፣ ለጣሪያዎም መጠገን እየጸለይኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አንድ ብቻ ሆኖ የተመዘገበው አገልጋይዎ፣
ኢላይትያ ናይቶኮ
ከናሳሊ መንደር

ማሳሰቢያ፦ ባልና ሚስት መሆናችንን ያስረዳል ብላችሁ የሠርጋችንን ፎቶ ከፋይሉ ጋር አያይዛችሁ አስቀርታችኋል። ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት አንድ ዓይኗን ጨፍና የምትታይበት ነው። ሌላ ቅጂ የለንም፤ የተነሣነውም እሱን ብቻ ነው። ፋይሉንም፣ ማመልከቻዎቹንም፣ ፊርማዎቹንም ለመታሰቢያ አስቀሩት፤ ፎቶውን ግን መልሱልኝ። ለእናንተ እሷ መሆኗን ባያረጋግጥም፣ ለእኔ ያረጋግጥልኛል።