ተያዥ ፍለጋ

ሰኞ

ተያዥ አምጪ ይለኛል። እኔን። ጠዋት የዚህን ቢሮ በር የምከፍተው እኔ፣ ማታ የምቆልፈው እኔ! በኤጀንሲ ስም እንግዳ ስቀበልና ስልክ ሳነሳ ስንት ዓመት ኖሬ፣ ዛሬ ቋሚ ልናደርግሽ ነው ብለው ጠሩኝ። ደስታዬ ከወንበሩ እስክነሳ እንኳ አልቆየም። የሰው ኃይሉ አቶ ደምሴ ቀና ሳይል፣ «እስከ ዓርብ ተያዥ ታመጪያለሽ። ሌላ መሥሪያ ቤት ያለ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። ካልሆነ ተጠባባቂዋን እንጠራለን» አለ። «ታውቁኝ የለም ወይ?» ስለው «አሠራር ነው» አለኝ። ቁልፉን ሲሰጡኝ አሠራሩ የት ነበር?

ማክሰኞ

ቋሚ የሆነ ሰው ማን አለኝ? ጥበቃው ኤጀንሲ፣ ጽዳቷ ኤጀንሲ፣ ሾፌሩም ኤጀንሲ። የቀሩኝ አጎቴ ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ኡራኤል አጠገብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራሉ። በምሳ ሰዓት ከካዛንቺስ በእግሬ ሄድኩ። ማኪያቶ ጋበዙኝ፣ የጉልበታቸውን ሕመም ነገሩኝ፣ «እስቲ ነገ ደውዪልኝ» አሉኝ።

ረቡዕ

ማታ ከቤት ደወልኩ። «ልጄ፣ ባለቤቴ ተያዥነት አትወድም» አሉኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም! ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ጋሽ ተፈራ ላይ ጮኼ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አልለውም፤ ቢያንስ እዚህ ደብተር ላይ።

ሐሙስ

ጠዋት በር ተንኳኳ። አስካለ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ። በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተን ከፋሲካ ወዲህ ተኳርፈናል። ደህና አደርሽ እንኳ አላለችኝም።

«ትናንት ስትጮሂ ልጆቼ ማጥናት አቃታቸው። የሥራ ደብዳቤዬን ዛሬ አጽፋለሁ፣ ነገ ጠዋት እፈርምልሻለሁ። የታረቅን ግን እንዳይመስልሽ።»

ሄደች። እንደዚህ ተናድጄ አላውቅም። ሥጋዬ የከለከለኝን፣ ሳላማት የዋልኩበት ቀን የሌለ ሴት ልትሰጠኝ! አልፈልግም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

አቶ ደምሴ ቅጹን እየሞላ ዝምድናችንን ጠየቀ።

«ጎረቤት ነኝ» አለች አስካለ። «ተኳርፈናል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ተኳርፋችሁ እንዴት ተያዥ ይሆኗታል?»

«ያኮረፍኳት በገመድ ነው። ሌባ ናት አላልኩም። እንደ ሌባ ያያችኋት እናንተ ናችሁ።»

ፈርማ ተነሳች። እኔ ስንት ዓመት አፌ ላይ ይዤው የዞርኩትን ነገር እሷ አንድ ጊዜ ገብታ ተናገረችው። እሱ ቅጹ ላይ ማኅተም መታ።

እስከ ታክሲው ሸኘኋት። አመሰግናለሁ ልላት ስል «ክፍለ ጊዜዬ አለፈኝ» ብላ ገባች።

ቋሚ ሆኛለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ንዴቱም አልለቀቀኝም። ማታ እቤቷ እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን እስካሁን አላውቅም።