ጋሽ እምቢ፦ ሥራ የሚወዱት፣ ግዳጅ የማይወዱት ለሳኝ

ጋሽ እምቢ ከግንበኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ያንን ስም የሚያውቁት ግን ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ብቻ ናቸው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ተከታትለዋል ስንል፣ ከክፍሉ መስኮት ማዶ የሚለሰነውን ሕንፃ ተከታትለዋል። አባታቸውም “ዓይኑ ከሰሌዳው ይልቅ ግድግዳው ላይ ከዋለ ምን ይደረጋል” ብለው ለለሳኙ አጎታቸው አስረከቧቸው። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው እጃቸው የተመሰከረለት ለሳኝ ሆኑ። እርሳቸው በለሰኑት ግድግዳ ላይ ዝንብ እንኳ ያንሸራትታታል ይባል ነበር። ይህን የሚሉት በብዛት ራሳቸው ነበሩ።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ የእስር ዘመን ሲመጣ “ለጥቂት ጊዜ ከአካባቢው ርቀው ነበር” ተብሎ ይታለፋል። እርሳቸው ግን በሕመም ላይ ሳሉ “ሰው የት ሄዶ ነበር ብሎ አይጨነቅ፤ ታስሮ ነበር በሉ” ብለው ስላዘዙ፣ እንደ ቃላቸው ይጻፋል።

በሠላሳ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ሳሉ፣ ጋሽ እምቢ ያሰሩት የእንጨት መወጣጫ ተናደና አንድ የሥራ ባልደረባቸው ሞተ። ቸኩለው አንዱን ማሰሪያ አላጠበቁም ነበር። ጥፋታቸውን አልካዱም። ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ የሟቹንም እናት፣ ከእስር ከወጡ በኋላ፣ እናቲቱ እስኪያርፉ ድረስ እንደ ልጅ ጦረዋል።

በዚያ ወህኒ ቤት እስረኞች በየጠዋቱ በጭነት መኪና እየታፈሱ የወህኒ ቤቱ ኃላፊ የግል ቤት ግንባታ ላይ ይውሉ ነበር። ክፍያ የለም፤ ጫማ የለም፤ አሞኛል ማለትም የለም። ጋሽ እምቢ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይናገሩ ለሰኑ። አንድ ቀን ግን ቀና ሲሉ የፎቁ መወጣጫ ማሰሪያው ልል ሆኖ አዩ። ይህ ይናዳል ቢሉ “አንተ የመጣኸው ለመሐንዲስነት ነው? ውጣ!” ተባሉ። እቃቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና “አንድ ሰው በእጄ ሞቷል። ሁለተኛ አልደግምም፤ ከዛሬ ጀምሮም በግድ አልሠራም” አሉ። ሌሎቹ እስረኞችም አንድ በአንድ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሁሉም ተደበደቡ። ጋሽ እምቢ ደግሞ ጨለማ ክፍል ገቡ፤ በአመክሮ የመውጣት ተስፋቸውም ተሰረዘ። “ጋሽ እምቢ፣ ዛሬስ እንዴት አደሩ?” እያሉ ስሙን ያወጡላቸው ጠባቂዎቹ ናቸው፤ ለፌዝ። ስሙ ግን ተስማማቸው። ሌላ እስረኛ ልትጠይቅ በመጣች አንዲት ወጣት ጠበቃ አማካይነት ኃላፊውን ከሰሱ።

ፍርዱ ሲቃረብ ኃላፊው አስጠርተው “ክሱን ተው፣ ነገ ከቤትህ ታድራለህ” አሏቸው። ጋሽ እምቢ የበኩር ልጃቸውን አንድም ቀን አቅፈው አያውቁም ነበር። ያን ሌሊት አልተኙም። በማግስቱ ባለቤታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ በሽቦው ማዶ ሆነው “ምን ትያለሽ?” አሏቸው። ባለቤታቸውም ሕፃኗን እንዳዘሉ “ወጥተህ ቤት ውስጥ እያኮረፍክ ልትቀመጥብኝ ነው? እዚያው ጨርሰህ ና!” አሏቸው። ጋሽ እምቢም እዚያው ቆዩ።

ችሎት ሲቀርቡ “ክቡር ዳኛ፣ ሰው ሞቶብኛል፤ እስሩ ይገባኛል። የኃላፊውን ሳሎን መለሰን ግን የትኛው ዳኛ ፈረደብኝ?” አሉ። ዳኛው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ቅጣቱ ነፃነትን ማጣት እንጂ ጉልበትን መዘረፍ እንዳልሆነ፣ ከእንግዲህ እስረኛ ወዶ ካልሆነ፣ ደመወዝና ደህንነቱ ካልተጠበቀለትም እንዳይሠራ ወሰኑ። ውሳኔው ውሎ አድሮ ወደ ሌሎች ወህኒ ቤቶችም ደረሰ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው አልመጣም። እስረኛው ሁሉ ፀሐይ ሲሞቅ ጋሽ እምቢ ሲሚንቶ አስፈቅደው የሕሙማኑን ክፍል ግድግዳ መለሰን ጀመሩ። “ጋሼ! ለዚህ ነው ያስደበደቡን?” ብለው እስረኞቹ ጮኹባቸው። “ያኔ ታዝዤ ነበር። ዛሬ አሰኘኝ” አሉ፤ ዘወርም አላሉ። ከሰዓት በኋላ ግማሹ እስረኛ አሸዋ ያቀብላቸው ነበር።

ያለ አመክሮ ዘመናቸውን ጨርሰው ወጡ። ሴት ልጃቸው ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተሸሽጋ “ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?” አለች። አባባ ለማለት ወራት ፈጀባት። ጋሽ እምቢ በሕይወታቸው ከከፈሉት ሁሉ ውድ ዋጋ ይህ እንደነበረ ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር፤ ከፍለውትም አልተጸጸቱም። ከዚያ በኋላ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ሁለቱንም በሥነ ሥርዓት አሳደጉ፤ “እምቢ” ማለትን ግን ልጆቹ ከሚፈለገው በላይ ተማሩ።

ከእስር ከወጡ በኋላ የራሳቸውን ሥራ እየሠሩ፣ ወደ ወህኒ ቤቶች እየተመላለሱ ለወደደ ሁሉ ልስን አስተማሩ። ደከመኝ ላለ “አረፍ በል” ይሉ ነበር። አረፍ ያለው ግን ወሬያቸውን ማዳመጥ ስለሚያደክመው ቶሎ ይነሣ ነበር።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ማለዳ ቤተሰቡ መካነ መቃብሩ ሲደርስ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ጉድጓዱን ቆፍረው፣ ዙሪያውን ለስነው ቆዩት። ወህኒ ቤት ያስተማሯቸው ናቸው። የላካቸው የለም። አንዱ ጥግ ትንሽ ጎብጧል። ጋሽ እምቢ ቢያዩት ያስፈርሱት ነበር፤ ባለቤታቸው ግን “እንዳትነኩት” ብለዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰፊ ቤቱ ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።